ለወንበር ጎረቤቴ፣ ስለ ትርፍ

ውድ የወንበር ጎረቤቴ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ማን ጻፈላቸው ብለሽ ትገምቺ ይሆናል። ማንም አልጻፈልኝም። ልጄ «አባዬ፣ አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍልህ» ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። እሱ አንድ ነገር ስነግረው ሦስት አድርጎ ነው የሚጽፈው፣ ሦስቱም የእኔ አይሆኑም። እጄ መርፌ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደምና ፊደሉ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ቢሆንብሽ ታገሺኝ። ጨርቅ ሲበላሽ ይፈታል፤ ወረቀት ግን አይፈታም ለካ። የሰረዝኩትን እንዳላየ እለፊው።

መጀመሪያ ጤንነትሽን መጠየቅ ነበረብኝ። ደህና ነሽ ወይ? አክስትሽ ዘንድ እንደሄድሽ የወንድምሽ ሚስት ነግራኛለች፣ ይህንን የሚያደርስልሽ ግን ወንድምሽ ነው። እኔ እንዳለሁ ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ጠልቷል፣ ዓይኔ በጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር አላይ ብሏል፣ ሌላው ደህና ነው። ደክሞኛል። ይህን ለልጄ ብነግረው ነገ ዕቃዬን ጭኖ ይወስደኛል፤ አንቺ ግን የምትጭኚበት መኪና ስለሌለሽ እነግርሻለሁ።

ነገሩን ኋላ ላይ አድበስብሶ አመጣው እንዳትዪኝ ከወዲሁ ልንገርሽ። የአዲሱ ሕንፃ ቁልፍ ሰኞ ጠዋት ይሰጣል። የልብስ ቁልፍ አይደለም፣ የበር ቁልፍ ነው። ለእኛም አንድ ክፍል ደርሶናል። አንቺ መጥተሽ ካልፈረምሽ ግን ለሌላ ይሰጣል። ጉዳዩ ይህ ነው። የቀረው ሁሉ፣ አንቺ የምታውቂውን እኔ እንዴት እንዳየሁት ነው። በጊዜው ስላልነገርኩሽ አሁን እነግርሻለሁ።

ኮሌጅ የሚባል ቤት እገባለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የሱቆቻችን ረድፍ ሊፈርስ ነው ሲባል ጫማ ጠጋኙ ዕቃውን ሰብስቦ ልጁ ዘንድ ሄደ፣ ሰዓት ሠሪውም ዓይኔ ደክሟል ብሎ ተወው። እኔ ሄጄ ስጠይቅ፣ በአዲሱ ሕንፃ ቦታ የሚያገኘው የሥራ ፈጠራ ትምህርት የጨረሰ ነው፣ እሱም ብቻውን ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ሆኖ የተደራጀ ነው አሉኝ። ልጄ ይህን ሰምቶ ሳቀ። «አባዬ፣ ተወው። ቤት አንድ ክፍል አለ፣ ና ቁጭ በል» አለኝ። ዕድሜ ልኬን ቁጭ ብዬ ነው የሠራሁት፤ እሱ የሚለው መቀመጥ ግን ሌላ ዓይነት መቀመጥ ነው። በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ። ለመማር ብዬ እንዳይመስልሽ። እልህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይልሻል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጻፈና፣ ሥራ ፈጣሪ ማለት ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ወጣቱ ሁሉ ጠረጴዛው ሥር ስልኩን ያያል። እኔ እጄን አወጣሁ። ፈጣሪ አንድ ነው፣ ሥራንም የፈጠረው እሱ ነው፣ ከገነት ያስወጣን ዕለት አልኩ። ክፍሉ ፈነዳ። መምህሩም ሳቀ፤ ደግነቱ አብሮኝ ሳቀ እንጂ አልሳቀብኝም። አንቺ ሻርፕሽን አፍሽ ላይ ጠቅልለሽ ትከሻሽ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። እዚያው አጠገቤ ተቀምጠሽ ሳለ ያኔ ገና አየሁሽ።

ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ይፈጥን ነበር። እኔ አንዷን ቃል ስገጣጥም እሱ አጥፍቶ ሌላ ይጽፋል። ይህን መቼ እንደተረዳሽ አላውቅም። ብቻ አንድ ቀን ለራስሽ የምታነቢ መስለሽ፣ ከንፈርሽን ብዙም ሳታንቀሳቅሺ፣ ሰሌዳውን ማንበብ ጀመርሽ። ዞር ብዬ ሳይሽ፣ «ለራሴ ነው አባባ፣ ሳላነበንብ አይገባኝም» አልሽ። እኔም ጆሮዬ ስለሚከብድ ሳይሆን አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ፣ እንደዚያ ከሆነማ ትንሽ ከፍ አድርጊው አልኩሽ። በዚሁ ተግባባን። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም፤ ዛሬም ይብቃን።

መምህሩ ብዙ ነገር ያስተምር ነበር። ውድቀት ያስተምራል ይላል። ወጣት ነው። እኔ ብዙ ጊዜ ወድቄያለሁ፤ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ቀስ ብሎ መውደቅን ነው። ነገን ዛሬ አስቡት ይላል። እኔ ነገን ሳስብ ጉልበቴ ነው የሚመጣብኝ። ይሁን እንጂ ሰውየውን እንዳልንቀው ያደረገኝ ስለ ትርፍ ያስተማረ ዕለት ነው።

ትርፍ ማለት ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ይህንንስ አላጣውም ብዬ ተነሣሁ። የልጅ ዩኒፎርም ስትሰፋ የእጅጌውና የሱሪው ጫፍ ላይ ወደ ውስጥ አጥፈህ የምትተወው ጨርቅ ነው፤ ልጁ ሲያድግ እናቱ መልሳ ታመጣዋለች፣ ይፈታና ይረዝማል፤ ትርፍ የሌለው ልብስ ለአንድ ዓመት እንኳ አይበቃም አልኩት። መምህሩ ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ፣ «አባባ፣ የእርስዎ ትርፍ ስፌቱ ውስጥ የሚቀረው ነው። እኔ የምጠይቅዎት የጨርቁ፣ የክሩ፣ የኪራዩ ሁሉ ተከፍሎ እጅዎ ላይ የሚቀረውን ነው» አለኝ።

«እሱማ ዕለቱን ያልቃል» አልኩት።

«ችግሩ እሱ ነው» አለ።

ተቀመጥኩ። እውነቱን ነው። እኔ ሱቄ ውስጥ ምን እንደሚገባ እንጂ ምን እንደሚቀር አስቤ አላውቅም። ያንን የምታውቀው ባለቤቴ ነበረች። እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ታውቃለች። እሷ ካረፈች ወዲህ የሚያውቅ የለም፣ የሚሰፋ ብቻ ነው የቀረው። ፈተናው ላይ ግን ይህን ሁሉ እያወቅሁ የራሴን መልስ ጻፍኩና ዜሮ አገኘሁ። አንቺ ተናደሽ «መልሱን እኮ ያውቁታል» ብትዪኝ ረስቼው ነው አልኩሽ። አልረሳሁትም። መልሱ ልክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እጄ ነው እምቢ ያለው።

ደግሞ ከዚያ ክርክር ሐሳቡን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። በመውጫው ደረጃ ላይ ቆም ብለሽ፣ «አባባ፣ ሁለቱን ትርፍ ለምን አንድ አናደርገውም?» አልሽ። ዩኒፎርሙን ስንሸጥ ማስረዘሚያውንም አብረን እንሸጣለን፤ ወላጅ በየዓመቱ አዲስ ከሚገዛ ያንኑ ይዞ ይመጣል፣ እኛ እንፈታለን፣ እንተኩሳለን፣ እንመልሳለን አልሽ። እኔ ያንን ሥራ ዕድሜ ልኬን በነጻ ስሠራው ነው የኖርኩት። ሥራ መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ደረጃ ላይ ነው። ቡድን ስንሆን ግን መምህሩ ሐሳቡ የማን ነው ሲል፣ «የአባባ ነው» ብለሽ አረፍሽው። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን ልብ ብለሽ ይሆናል።

ከዚያ የገበያ ጥናት የሚሉት ነገር መጣ። ደንበኞቻችሁን ጠይቁ ተባልን። እኔ ልጠይቅ ብዬ ሞከርኩ። አንዷን የቆየች ደንበኛዬን ቀሚሷን ስለካ፣ ምን ጎደለሽ አልኳት። ደንግጣ፣ «ኧረ ምንም አልጎደለብኝም፣ ምን አጠፋሁ?» አለች። ቀሚሷንም ሳትወስድ ሄደች። አንቺ ያን ዕለት ሆድሽን ይዘሽ ስትስቂ፣ በቃ እኔ እጠይቃለሁ፣ እርስዎ የስፌት መኪናዎ ላይ ይቀመጡ አልሽኝ። ሳምንቱን ሙሉ የሱቁ በር ላይ ቆመሽ ጠየቅሽ። ሰው እንዴት እንደሚነግርሽ ከውስጥ ሆኜ እሰማ ነበር፤ ቃሉን ሳይሆን ድምፁን። ሰው ድምፁ ሲለሰልስ ጨርቅ ተተኩሶ እንደሚለሰልሰው ነው።

በመጨረሻው ቀን ወረቀትሽን አጥፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ከተትሽ። «ጥሩ ነው፣ ሐሳቡን ወደውታል» አልሽ። ዓይንሽ መሬት መሬት ያያል። አልለቅሽም አልኩ።

«አባባ፣ ሥራዎትን ማንም አይነካም» አልሽ።

«እሺ። የነኩት ምኔን ነው?»

«ፊትዎን።»

ከዚያ ቀስ በቀስ አወጣሽው። ባለቤቴን እትዬ እያሉ፣ እሳቸው ነበሩ የሚያጫውቱን ብለዋል። ልብስ ለማሠራት ሳይሆን እሳቸውን ለማየት ነበር የምንመጣው ያለችም አለች። አንዱ ደግሞ፣ አሁን እዚያ ሱቅ መግባት ሐኪም ፊት እንደ መቅረብ ነው፣ ይለካሃል፣ ይጽፋል፣ ቀጣይ ይላል ብሏል።

«ቀጣይ እላለሁ እንዴ?» አልኩሽ።

«ሰው ባይኖርም ይላሉ» አልሽኝ።

ያን ቀን ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ሱቁን ዘጋሁ። ጉልበቴ ምንም አልሆነም ነበር። ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ላይ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ። እነዚያን ደንበኞች ሁሉ የእኔ ናቸው ብዬ ነበር የኖርኩት። ባለቤቴ በሩ አጠገብ ወንበሯ ላይ ቁልፍ እየተከለች፣ የዚህችን ልጅ ሠርግ፣ የዚያችን እናት ሕመም ስትጠይቅ፣ ወሬሽ መኪናዬን አደናቀፈው እላት ነበር። ስታርፍ ሰው ትንሽ ጊዜ መጣ፣ ከዚያ ሳሳ። እኔ የተሰፋ ልብስ የሚሸጡትን ነበር የምረግም። ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሞተ ለማወቅ ይህን ያህል መቆየቱ ያሳፍራል። አላለቀስኩም። ደከመኝ ብቻ። ድካሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው አብሮኝ ያለው።

ካሁን በኋላ አትመጣም ብዬ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ለሽማግሌ ነግሮ ማን ይመለሳል። አንቺ ግን መጣሽ። የእሷ ወንበር በሩ አጠገብ እንዳለ ነው፤ ማንም ሳይነግርሽ አልተቀመጥሽበትም፣ ቆመሽ ነው የዋልሽው። ዚፕ ልታስቀይር የመጣችዋን ሴትዮ ስለ ልጇ ጥርስ ስትጠይቂያት ሰማሁ። ሴትዮዋ ዚፑን ተቀብላ ሄደችና መጋረጃ ይዛ ተመለሰች። የመጋረጃው ጫፍ ምንም አልሆነም ነበር። እኔም እየሰፋሁ ልብ ያልኩት ነገር አለ፤ ወሬ ባለበት መኪናው ይፈጥናል። ስንት ዓመት ሙሉ በተቃራኒው ስናገር ኖሬያለሁ።

በማግስቱ ወንበሩን በእግሬ ወደ አንቺ ገፋ አደረግሁት። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ገብቶሽ ተቀመጥሽ።

እንግዲህ ወደዚያች ቀን ልምጣ። መምህሩ ልምምድ ነው ብሎ ቡድን በቡድን ፊት አወጣን። እኔ ለማሳያ የሰፋሁትን ትንሽ ሱሪ ይዤ ጫፉን እየፈታሁ ነበር፤ መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ወርዶ ክሯን እየፈለግሁ። መምህሩ እንደ ሌላው ቡድን ሁሉ እኛንም ጠየቀን፤ የአባባ ድርሻ ስፌቱ ነው፣ ያንቺስ አለሽ። ካንቺ ቀድሞ ሬዲዮ የምንለው ያ ከኋላ የሚቀመጥ ቀልደኛ፣ «እሷማ ትርፋቸው ናት» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ቀና ስል ቦርሳሽን አንሥተሽ በሩን ስትዘጊ አየሁ። ውሃ ልትጠጪ መስሎኝ ነበር። ሱሪውን አንጠልጥዬ ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ጠበቅሁሽ፤ መምህሩ በቃ ይቀመጡ እስኪለኝ ድረስ።

በማግስቱ አልመጣሽም፣ በሳልስቱም። ተቆጣሁ። የዛሬ ልጅ በአንድ ቀልድ ይሰበራል፣ እኔ ዜሮ አግኝቼ እንኳ አልቀረሁም እያልኩ ብቻዬን አጉረመረምኩ። ሬዲዮም ሱቅ ድረስ መጣ፤ ሱሪ ላስጠብብ ብሎ፣ ሱሪው ግን ከዚያ በላይ ቢጠብ እግሩ አይገባም። ሲቁነጠነጥ ቆይቶ፣ «አባባ፣ እኔ እኮ ማመስገኔ ነበር። መምህሩ ያስተማረንን ትርፍ ነው ያልኩት። ያለ እሷ ምን ያተርፋሉ ማለቴ ነበር» አለኝ። አመንኩት። ያስከፋሽ ምን እንደሆነ ግን እሱም አልገባውም፣ እኔም አልገባኝም።

ስለዚህ ወንድምሽ ቤት ሄድኩ። ያ ሁሉ ደረጃ እንዳለው ነግረሽኝ ቢሆን ምርኩዝ እይዝ ነበር። በሩን የከፈተችልኝ የወንድምሽ ሚስት ናት፣ ሕፃን ታቅፋ። ክፉ ሴት አይደለችም። መተንፈስ ሲያቅተኝ አይታ ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ አመጣችልኝ። ክፍሉን አየሁት። ልብሱ በገመድ ላይ፣ የልጆቹ መጽሐፍ ከድስቱ አጠገብ፣ የአንቺ ፍራሽ ተጠቅልሎ ከበሩ ጀርባ ቆሟል፤ በሩ ሙሉ በሙሉ የማይከፈተው በእሱ ምክንያት ነው። የት ሄደች ብዬ ጠየቅሁ።

«አክስቷ ዘንድ ሄደች አባቴ» አለችኝ። «ምን ታድርግ፣ ቤቱን ያዩታል። እኛ ለራሳችን አልበቃን፣ እሷ ደግሞ ትርፍ ናት።»

በክፋት አልነበረም። ስለ አንድ ዕቃ እንደምታወራ ነበር ድምፅዋ። ቀጥላም እየሳቀች፣ ልጆቹ እንኳ ሳህን ሲያቀርቡ ለትርፏስ ይላሉ፣ ጨዋታ ሆኖባቸዋል አለችኝ። ትንሿ ልጅ ከጓዳ ሆና ያንኑ ቃል ደገመችው፤ ስምሽ መስሏታል።

ስወርድ መሐል ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የሚወጣው የሚወርደው ሰው፣ አባት አሞዎታል ወይ ይለኛል። አላመመኝም። ያን ቃል ስንት ቀን ሙሉ አጠገብሽ ተቀምጬ እንደ ጀግና ስደጋግመው እንደነበር እያሰብኩ ነበር። አንቺም በየቀኑ ከሰሌዳው ላይ ታነቢው ነበር፤ ድምፅሽ አንድ ቀን እንኳ ሳይንቀጠቀጥ። ቤት ስትገቢ በዚያ ትጠሪያለሽ፣ ክፍል ስትመጪ ፈተና ሆኖ ይጠብቅሻል። ያም ሁሉ ሆኖ ከዚህ ቃል ውስጥ ለእኛ እንጀራ የሚሆን ሐሳብ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። እኔ ብሆን ያንን ቃል የሚናገረውን ሁሉ በመቀስ ነበር የማባርረው።

ለማንም ያልተናገርኩትን ልጨምርልሽ። ልጄ ቤት ያለችዋን ክፍል አይቻታለሁ። ንጹሕ ናት፣ መስኮት አላት፣ ሚስቱም ታከብረኛለች። እዚያ ብገባ ማንም ያንን ቃል አይለኝም። ሲበሉ ይጠሩኛል፣ እንግዳ ሲመጣ ያስተዋውቁኛል፣ ስሳል ይጠይቁኛል። ነገር ግን በሩ ከጀርባው እኔ ስላለሁ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ይህን ስልሽ እንድታዝኚልኝ ብዬ አይደለም፤ አንቺ እንደሚገባሽ ስለማውቅ ነው።

የፍርዱ ዕለት፣ ክፍሉ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑበት ቀን፣ ብቻዬን ሄድኩ። መምህሩ ነበር፣ ከእሱ ሌላ ከሕንፃው አስተዳደር የመጡ ሰውዬና ሴትዮ ነበሩ። ጓደኛዎትስ አሉኝ። ትመጣለች አልኩ። የእኔን ተናገርኩ፣ ያንቺንም ከድምፅሽ እንደያዝኩት ተናገርኩ፤ ያንቺው ላይ ሁለት ቦታ ተሳስቼ ይሆናል። ከዚያ ሴትዮዋ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ እርስዎ ይሰፋሉ፣ የልጅቷ ድርሻ ምንድን ነው አለች።

«እኔ ሰው መጠየቅ አልችልም፤ እሷ ትችላለች» አልኩ። «ሰው የሚነግራትን ሰምታ፣ የሚያመውንም ቢሆን ለእኔ ፊት ለፊት ትነግረኛለች። ሱቁ የሞተው ይህን የምታደርግ ሰው ስለሞተች ነው። መስፋቱን ሌላም ይሰፋዋል።»

ሌላም ይሰፋዋል ብዬ በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። ሴትዮዋ ግን ጻፈችው።

አሳለፉን። ክፍሉም ተሰጠን፤ ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም። ታዲያ ሁለተኛዋ ሰው መጥታ ካልፈረመች ማኅበር አይባልም አሉ። መምህሩ ለብቻ ጠርቶኝ፣ አባባ እውነት ትመጣለች ወይ፣ እንዳይዋሹኝ አለኝ። መምህር ዋሽቼ አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፣ ቀድሞም መምህር አልነበረኝም።

ልጄ ይህን ሲሰማ ነገሩን በቀላሉ ሊጨርሰው ፈለገ። «እኔ በስሜ እፈርምልሃለሁ፤ ወረቀት ላይ ነው፣ ማን ያያል?» አለ። ይህ ልጅ ክፉ አይደለም፣ ደግሞም የሚለው ይሠራል። ስንት ሰው እንዲሁ ነው ያደረገው። እምቢ አልኩት።

«ለማታውቃት ልጅ ብለህ ሱቅህን ልታጣ ነው?»

«አውቃታለሁ።»

«ምኗን ታውቃለህ? ቤተሰቧን አታውቅ፣ ከየት እንደመጣች አታውቅ።»

«ሥራዋን አውቃለሁ» አልኩት።

ተቆጥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ይደውላል፣ ደህና ነህ ይለኛል፣ ሌላ አንነጋገርም። በአንቺ ቦታ እሱን ብተካ ክፍሉ ይሰጠኛል፤ ገብቼ እሰፋለሁ፣ ቀጣይ እላለሁ፣ ሰው ባይኖርም። ለእሱ ለእሱማ እቤቱ ብቀመጥ ይሻለኛል።

እንግዲህ የማቀርብልሽን ልንገርሽ። የሚረዳኝ ሰው አልፈልግም፣ የሚጦረኝም አልፈልግም፣ ልጅም አለኝ። የምፈልገው ሸሪክ ነው። እኩል ነው፤ የሚቀረውንም አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ እኔ አላውቅበትም። የማኅበሩን ስም ጠይቀውኝ እሷ ስትመጣ ትሰይመዋለች ብያለሁ። ማደሪያ ካሳሰበሽ፣ ከሱቄ ቀጥሎ ያለችውን ልብስ ተኳሿን አነጋግሬያታለሁ። ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ አልጋ አለኝ ትምጣ ብላለች። ታንኮራፋለች፤ ይህንን አልደብቅሽም።

ሬዲዮ ይቅርታ ሊጠይቅሽ ይፈልጋል። ካልፈለግሽ አባርረዋለሁ፣ ከፈለግሽም ሱሪውን አሰፋለታለሁ። መምህሩ የፈተናሽን ወረቀት ይዞልሻል። አልፈሻል ብሎኛል፤ ይህንን ራሱ ሊነግርሽ ፈልጎ ነበር፣ ቀደምኩት።

ቃሉን ከሰው አፍ ላይ ላጠፋልሽ አልችልም። ነገ ደንበኛ መጥቶ፣ ከእጅጌው ትርፍ ተዉልኝ ይለናል፣ አንቺም ሰምተሽ ትጽፊዋለሽ። ሥራችን ነው። ያ ቤት ግን ካሁን በኋላ በዚያ እንዲጠራሽ አትፍቀጂለት። ልጆቹን ስምሽን አስተምሪያቸው። ትንሿ እንደሆነ ትይዘዋለች፣ ብልህ ናት።

ሰኞ ከሕንፃው በር ላይ እጠብቅሻለሁ። መታወቂያሽን ይዘሽ ነይ። ስንገናኝ ስለዚህ ደብዳቤ አታንሽብኝ፤ የቆየ ሰው እንደማግኘት ሰላም በይኝና እንግባ። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም፣ አንቺን ግን እየለመንኩሽ ነው፣ ነይ።

መምጣት የማይሆንልሽ ከሆነ አልቀየምሽም። ሽማግሌ ብቻውን ቆሞ ይቀራል ብለሽ እንዳትጨነቂ፤ ወደ ልጄ ቤት የሚወስደው መንገድ አይጠፋኝም። ብቻ አስቀድመሽ አንዲት ቃል ጻፊልኝ። በትልልቁ ጻፊው፣ ፊደሎቹንም አራርቀሽ። ለሌላ ሰው ማስነበብ አልፈልግም።

የወንበር ጎረቤትሽ፣
ልብስ ሰፊው